«አርፈው ይቀመጡ» የሚለው ደግነት

በየቤታችን የታወቀ አንድ ቃል አለ። እናት ወይም አባት ዓይናቸው ደከም ማለት ሲጀምር ልጆች፣ ምራቶች፣ ጎረቤቶችም ሳይቀሩ በአንድ አፍ «እርስዎ አርፈው ይቀመጡ» ይሏቸዋል። ቃሉ የሚወጣው ከፍቅር ነው። ቡና ሲቆሉ እሳቱ እንዳይፈጃቸው፣ ሽንኩርት ሲከትፉ ቢላው እንዳይቆርጣቸው፣ ከደጃፍ ሲወጡ ደረጃው እንዳይጥላቸው ከመሥጋት የተነሣ ነው። ዳሩ ግን ይህ ቃል ከተነገረ ከስድስት ወር በኋላ ወደዚያ ቤት ጎራ ብትሉ፣ ያች ጓዳውንና ጓሮውን፣ ዕድሩንና ዕቁቡን ታንቀሳቅስ የነበረች እናት ከሶፋው ጥግ ተቀምጣ፣ እጇን ከጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ ማን እንደ ገባና ማን እንደ ወጣ በኮቴ ስትለይ ታገኟታላችሁ። ዓይኗን የወሰደባት ሕመም ነው። እጇን የወሰድንባት ግን እኛ ነን።

በዚህ ሳምንት ጽሑፋችን የምንነጋገረው ዓይናቸው ፈጽሞ የጠፋ ወይም እጅግ የደከመ ወገኖቻችን በቤታቸው ሆነው በትርፍ ጊዜያቸው ምን ሊሠሩ፣ ምን ሊጫወቱና ምን ሊያነቡ እንደሚችሉ ነው። «ትርፍ ጊዜ» ስንል አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ትሉ ይሆናል። ከሥራ ወጥታ፣ ታክሲ ተጋፍታ፣ ልጅ አብልታ የምትተኛ ሴት ትርፍ ጊዜ የሚባለውን በስሙ እንጂ በመልኩ አታውቀውም። ዓይኑ የደከመበት ሰው ችግር ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። እናንተ ጧት ወደየሥራችሁ፣ ልጆቻችሁም ወደየትምህርት ቤታቸው ከሄዱ በኋላ እስክትመለሱ ድረስ ያለው ሰዓት ሁሉ ለእርሱ ትርፍ ነው። ያን ሰዓት የሚሞላ ሥራ ካልተገኘ የሚሞላው ትካዜ ነው።

ወደ ጉዳያችን ከመግባታችን በፊት ግን መቅደም ያለበት ነገር አለ። በ1998 ዓ.ም በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው የዓይን ጤና ጥናት፣ ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ የማየት አቅሙ በጣም የቀነሰ መሆኑን አመልክቷል። ከዓይነ ስውርነቱም ግማሽ ያህሉ የመጣው በዓይን ሞራ ነበር። የዓይን ሞራ ደግሞ በቀዶ ሕክምና የሚወገድ ነው፤ የደፈረሰው የዓይን ሌንስ ወጥቶ በምትኩ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይገባል። ስለዚህ «እርጅና ነው፤ ምን ይደረጋል» ብላችሁ እናታችሁን ጥግ ከማስያዛችሁ በፊት ሐኪም ይያቸው። ከሠፈር የተገኘ ጠብታም አይጨመርባቸው። ሕመሙ ግላኮማ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ግላኮማ ብዙውን ጊዜ ከዓይን ውስጥ ግፊት ጋር ተያይዞ የማየት ነርቭን ቀስ በቀስ ይጎዳል። አብዛኛውን ጊዜ ሕመም የለውም፤ አስቀድሞ የሚጠፋውም የጎን እይታ ስለሆነ ሰው ሳያውቀው ይቆያል። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ግን በሕክምና ለመጠበቅ ይቻላል። በቤተሰብም የሚሄድ በመሆኑ ግላኮማ ያለበት እናት፣ አባት፣ ወንድም ወይም እኅት ያላችሁ ሁሉ ዛሬ ደኅና ብታዩም ተመርመሩ። የስኳር ሕመም ያለበት ሰውም ዓይኑን በየጊዜው ማስመርመር ይገባዋል። ከዚህ በታች የምንጽፈው እንግዲህ ሐኪሙ የሚችለውን ካደረገ በኋላ ስላለው ኑሮ ነው።

ሰው ምን ይላል?

«አርፈው ይቀመጡ» የሚያሰኘን ሥጋት ብቻ ቢሆን ኖሮ መፍትሔው ቀላል ነበር። ከሥጋቱ ኋላ ግን ይሉኝታ ተደብቋል። «ዓይኗ ጠፍቶ ሳለ እናቷን ጎመን ታስቀነጥሳለች» ተብሎ እንዳይወራ የሚፈራ ስንት አለ! ጎረቤት ለቡና በመጣ ጊዜ እናትየው ከጥጓ ተነሥታ ረከቦቱን ብትነካ ልጅቱ ደንግጣ ትነጥቃታለች። ጎረቤትም «ተባረኪ» ይላታል። ምርቃቱ ለልጅቱ ነው፤ ረከቦቱን የተነጠቀችውን ማንም የጠየቃት የለም።

በልብስ ሰፊነት ልጆቻቸውን ያሳደጉ አንዲት እናት አውቃለሁ። ከጧት እስከ ማታ ሲንጀራቸውን ሲረግጡ ኖረው፣ ስድሳን ካለፉ በኋላ ግላኮማ እይታቸውን ወሰደባቸው። ልጆቻቸው ደጎች ናቸው። ሠራተኛ ቀጠሩላቸው፤ ጥሩ ፍራሽ ገዙላቸው፤ የስፌት መኪናውን ደግሞ አጥፈው፣ ዳንቴል አልብሰው ቴሌቪዥን አስቀመጡበት። ማየት ለማይችል ሰው ከእንጀራው ላይ ቴሌቪዥን መጫን እንዴት ያለ ስጦታ እንደሆነ ፍርዱን ለእናንተ እተወዋለሁ። አንድ ቀን ትልቋ ልጃቸው ከመርካቶ ለመጋረጃ የሚሆን ጨርቅ ገዝታ ገባችና «ንጹሕ ጥጥ ነው» አለች። እናትየው ጫፉን በሁለት ጣታቸው መካከል አሸት አሸት አደረጉና «ጥጥስ አለበት፤ ግን ቴትሮን ተቀላቅሎበታል፤ አታለውሻል» አሉ። ልጅቱ ከጫፉ አንድ ክር መዝዛ ብታቃጥለው እንደ ላስቲክ ኩርምት ብሎ ቀረ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ በዚያ ቤት የእርሳቸው ጣት ሳያልፍበት የሚገዛ ጨርቅ የለም።

ጥቂት ወራት ቆይተው ቴሌቪዥኑ ከመኪናው ላይ ይነሣልኝ አሉ። ዛሬ ቀሚስ አይሰፉም፤ ቀጥ ያለ ስፌት የሚበቃውን ሁሉ ግን ይሰፋሉ፤ የትራስ ልብስ፣ የአንሶላ ጠርዝ፣ ሽርጥ። ከመርፌው አጠገብ ባለው ብረት ላይ ወፍራም ፕላስተር ደራርበው አስለጥፈዋል፤ የጨርቁን ጠርዝ በፕላስተሩ እያስጠጉ ስለሚነዱት ስፌቱ አይጣመምም። ጣታቸው ወደ መርፌው እንዳይጠጋ ጨርቁን የሚይዙበት ቦታም የታወቀ ነው። «ዳንቴል ቢሠሩ አይሻልም?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «የሥራ ፈት ጌጥ ነው፤ ዓይን እያለኝም አልወደው» አሉኝ።

መልሳቸው ለሁላችን ይጠቅማል። ለዓይነ ስውር «የሚሆን ሥራ» ብለን እኛ መርጠን ማቀበል የለብንም። መጠየቅ ያለበት ሰውየው ወይም ሴትየዋ ዓይን ሳላቸው ምን ያስደስታቸው እንደነበር ነው። ምግብ መሥራት ጠልቶ የኖረ ሰው ዓይኑ ስለ ጠፋ ብቻ ምግብ መሥራትን አይወድም።

ሥራው ከቤቱ ይጀመራል

ዕቃ ሁሉ ቦታ ይኑረው፤ ከዚያም አይነቃነቅ። ይህ ለመናገር ቀላል፣ ልጆች ባሉበት ቤት ግን ከሁሉ የሚከብድ ሕግ ነው። በር ወይ ሙሉ በሙሉ ይከፈት፣ ወይ ይዘጋ፤ ግማሽ የተከፈተ በር የስንቱን ግንባር መትቷል። ወደ ክፍሉ ስትገቡ ስማችሁን ተናገሩ፤ ስትወጡም «ወጣሁ» በሉ፤ ባዶ ወንበር ሲያነጋግሩ መቆየት ያሳፍራልና።

ለእጅ ሥራ ጠርዝ ያለው ትሪ ይዘጋጅ፤ መቀስም ሆነ ክር ተንከባሎ ከወለል እንዳይወድቅ። ዕቃውን በትሪው ላይ እንደ ግድግዳ ሰዓት ማስቀመጥም የተለመደ ዘዴ ነው፤ መቀሱ በሦስት ቁጥር፣ ክሩ በአሥራ ሁለት፣ መርፌው በዘጠኝ ቁጥር በኩል ይሁን ብላችሁ ከተስማማችሁ በኋላ መፈለግ ይቀራል። የምግብ ሳህንም በዚሁ ዘዴ ሊነገር ይችላል።

ጥቂትም ቢሆን የሚያዩ ከሆነ ብርሃንና ቀለም ብዙ ይረዷቸዋል። መብራቱ ከፊታቸው ሳይሆን ከትከሻቸው በስተጀርባ፣ ይበልጥ በሚያየው ዓይን በኩል ሆኖ በሥራው ላይ ይውደቅ፤ ከፊት የሚመጣ ብርሃን ዓይን ከማጭበርበር በቀር አይረዳም። ነጭ ክር በነጭ ጨርቅ ላይ ይጠፋል፤ ከጭናቸው ላይ ጥቁር ሻርፕ ይነጠፍላቸው። ጥቁር ቡና በነጭ ሲኒ ጥሩ ይታያል፤ ወተት ግን በነጭ ሲኒ አይታይም፤ ለወተት ቀለም ያለው ኩባያ ይሻላል።

መርፌ ላይ ክር ማስገባት የብዙዎችን ሞራል የሚሰብር ነገር ነው። መፍትሔው የልጆች ነው። ልጃችሁ ጧት ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዱ በፊት አሥር መርፌዎች ላይ ክር እያስገባ በደረቅ ሳሙና ላይ ይሰካላቸው፤ ለቀኑ ይበቃል። የክሩን ቀለም ለመለየት ከእያንዳንዱ ክር ጫፍ ቋጠሮ ይታሰር፤ ነጩ አንድ፣ ቀዩ ሁለት፣ አረንጓዴው ሦስት። የኪሮሽ ሥራ ለሚወዱ ከሹራብ ይልቅ ኪሮሽ ይቀላል፤ በሹራብ መርፌ ላይ ብዙ ቀለበቶች ስለሚደረደሩ አንዱ ቢያመልጥ ወደ ታች ይተረተራል፤ በኪሮሽ ግን በእጅ ላይ ያለው አንዱ ቀለበት ብቻ ነው። ስንት ዙር እንደ ተሠራ ለማወቅ አንድ ዙር ባለቀ ቁጥር አንድ ባቄላ ከአንዱ ጣሳ ወደ ሌላው ማዛወር ይበቃል።

ስፌት ያደጉበት እናቶችም አሉ። አለላው በየቀለሙ በተለያየ ከረጢት ከተቀመጠላቸውና የአበባውን ቁጥር በቃላቸው ከያዙ ሙዳይና ሰፌድ መስፋት ይችላሉ። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ወስፌው ነው፤ ከእጅ ባስቀመጡት ቁጥር ጫፉ በቡሽ ይሰካ።

ወስፌ ካነሣን የአንድ የፈረንሳይ ልጅ ታሪክ ሊነሣ ይገባል። ሉዊ ብሬል እ.ኤ.አ. በ1809 ኩቭሬ በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ የፈረስ ኮርቻና ልጓም ሠሪ ነበሩ። ልጁ በሦስት ዓመቱ ከአባቱ መሥሪያ ቤት ገብቶ በቆዳ መብሻ ወስፌ ሲጫወት አንድ ዓይኑን ወጋው፤ ጉዳቱ ወደ ሌላው ዓይኑ ተዛምቶ ጨርሶ ታወረ። ይኸው ልጅ ፓሪስ በሚገኘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ሳለ፣ ገና በአሥራ አምስት ዓመቱ በስድስት ነጥቦች የተመሠረተውን ጽሕፈት አዋቀረ፤ በ1829 ደግሞ ታተመለት። ነጥቦቹ ወፍራም ወረቀት ላይ የሚወጉት ከወስፌ ብዙ በማይለይ ትንሽ መውጊያ ነው። የእኛም ፊደል በብሬል ይጻፋል። አንድ ፊደል በአመዛኙ ለተነባቢው አንድ፣ ለአናባቢው አንድ ምልክት ተሰጥቶት በጣት ይነበባል።

በስተርጅና ብሬል መማር ይቻላል ወይ? ይቻላል፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። የስኳር ሕመም የቆየበት ሰው የጣቱ ጫፍ ሊደነዝዝ ስለሚችል ነጥቦቹን መለየት ይቸግረዋል። መጽሐፍ ማንበብ ባይሆንላቸው እንኳ ጥቂት ፊደላት መለየቱ ዋጋ አለው፤ የበርበሬውንና የሽሮውን ዕቃ፣ የመድኃኒቱን ብልቃጥ በብሬል ምልክት ለይቶ ማወቅ ሰው ከመጥራት ያድናል። የት መማር እንደሚቻል የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበርን መጠየቅ ጥሩ ነው።

ጆሮና ጨዋታ

ብሬል ለማይሆንለት ሰው ጆሮ አለው። ከዓመታት በፊት በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተሰኘው ዝግጅት፣ በ1958 ዓ.ም የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ ሲተርኩ ያን ጊዜ የሚያይም የማያይም አንድ ላይ ነበር ያለቀሰው። ያ ትረካ ዛሬም በእጅ ስልክ ይደመጣል። ዘመናዊዎቹ ስልኮች ደግሞ በማያ ገጹ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ መሣሪያ በውስጣቸው አላቸው፤ አንድሮይድ ላይ ቶክባክ፣ አይፎን ላይ ቮይስኦቨር ይባላል። ስልኩን ስትገዙላቸው ሻጩ እንዲከፍትላችሁ ጠይቁ። ባለ ቁልፉን አሮጌ ስልክ ለሚመርጡ ደግሞ «5» ቁጥር ላይ ያለችውን ጉብ ያለች ነጥብ አሳዩአቸው፤ ከእርስዋ ተነሥተው ሁሉንም ቁጥር ያገኛሉ። የቴሌቪዥን ድራማ በሚታይበት ጊዜም ከቤተሰቡ አንዱ ዝም የተባለበትን ቦታ ቢተርክላቸው ምን ይከብዳል? ልጆች ይህን ሲያደርጉ ከድራማው ይልቅ ትረካቸው ያስቃል።

ከጨዋታ ሁሉ ለእጅ የተፈጠረው ገበጣ ነው። ጉድጓዱም ጠጠሩም በጣት ይቆጠራል። ታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአካባቢዋ ያለውን የገበጣ ዓይነት ከመቶ በላይ አድርሰውታል። ከእንጨት የተሠራ ገበጣ ካላገኛችሁ የእንቁላል ማስቀመጫ ካርቶን ሁለት ረድፍ፣ በየረድፉ ስድስት ጉድጓድ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ለጠጠር ሽምብራ ይሆናል። ተጫዋቹ ከየትኛው ጉድጓድ እንዳነሣ በድምፅ ይናገር፤ ይህ ብቻ ነው ልዩነቱ። አያት ዓይኗ ስለ ጠፋ የሚያዝንላት የልጅ ልጅ ሦስት ጊዜ ከተሸነፈ በኋላ ማዘኑን ይተዋል።

ዳማም እንዲሁ ነው። ልጆች በየመንገዱ ሲጫወቱ ያያችሁት የቆርኪ ዳማ፣ የአንዱ ቆርኪ ፊቱን ወደ ላይ፣ የሌላው ወደ ታች ስለሚደፋ በዳሰሳ ይለያል። የሚቀረው ሰሌዳው ብቻ ነው፤ ጥቁሮቹ ቤቶች ላይ የካርቶን ቁራጭ ተለጥፎ ከፍ ይበሉ። ለዓይነ ስውራን የሚሠራው ቼዝም ጥቁር ቤቶቹ ከነጮቹ ከፍ ያሉ፣ ጥቁሮቹ ጠጠሮች አናታቸው ላይ ምልክት ያለባቸው፣ ተዳስሰው እንዳይወድቁም ከሥራቸው ባለው እንጨት ቀዳዳ ውስጥ የሚሰኩ ናቸው። የዓይነ ስውራን ቼዝ ተጫዋቾች ዓለም አቀፍ ማኅበር ከተቋቋመ እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ ይቆጠራል።

ለአፍንጫ የተፈጠረው ደግሞ ጓሮ ነው። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩትም ብትሆኑ በረንዳ ላይ የሚቀመጥ ጀሪካን አታጡም። ጤና አዳም፣ በሶ ብላ፣ ኮሰረት፣ ናና፣ የጥብስ ቅጠል ሁሉም በጣት ሲታሹ ስማቸውን ይናገራሉ። ችግኝ በእኩል ርቀት ለመትከል በየስንዝሩ የተቋጠረ ገመድ ይወጠር። ውኃ ማስፈለጉን ለማወቅ ጣት እስከ መጀመሪያው አንጓ አፈሩ ውስጥ ማስገባት ከማየት ይበልጣል፤ ላዩ ደርቆ ውስጡ ርጥብ የሆነ አፈር የሚያዩትንም ያታልላልና።

ቡናውስ? ቡና ሲቆላ ይንጣጣል፤ ሽታውም ከጥሬ ወደ ብስል ሲለወጥ ቤት ሙሉ ይሰማዋል። ሲኒ ሲሞላ ድምፁ ይቀጥናል። ከሰሉ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ፣ ልጅ በማያልፍበት ጥግ ይሁን፤ ነጠላው ወደ ኋላ ይታሰር፤ ሲኒዎቹ ረከቦቱ ላይ ተራርቀው ይደርደሩ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት አጠገባቸው ተቀመጡ። እጃችሁን ግን ከጀበናው አርቁ፤ ይህ ለእናንተ ከምትገምቱት በላይ ከባድ ነው።

በመጨረሻ ያቆየሁት ፈትልን ነው። ልጅ ሆነን እናቶቻችን በኩራዝ ብርሃን ሲፈትሉ እጃቸውን ያዩ ነበር? ጎረቤት እያወጉ፣ እኛን እየተቆጡ፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ነበር የሚፈትሉት። ክሩ ሲወፍር ወይም ሲሳሳ የሚያውቁት አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት ናቸው። ጥጡ ፍሬው ተለይቶለት፣ በደጋን ተነድፎ አመልማሎው ከተዘጋጀ የቀረው የእንዝርት ሥራ ነው፤ እንዝርቱም ቢወድቅ ክሩን ተከትለው ያገኙታል። የፋብሪካ ድር በበዛበት በዛሬ ዘመን በእጅ የተፈተለ ጥጥ ፈላጊ አላጣም። ልቃቂቱ ሲበረክት ወደ ሽሮ ሜዳ ስትሄዱ ብቻችሁን አትሂዱ፤ እናታችሁንም ክንዳችሁን አስይዛችሁ ውሰዷቸው፤ ከሸማኔው ጋር ስለ ዋጋው የሚከራከሩትም እርሳቸው ይሁኑ።